ሞቀዋል፣ አትመልሱ

ታኅሣሥ 4 ቀን

ለጩጬ፣

ጤናህን መጠየቅ ነበረብኝ። ደኅና ነህ ብዬ ልለፈው፤ ዛሬ መልሱን ለመስማት ትዕግሥት የለኝም። እማዬ ደኅና ናት። የዳሌዋ ቀዶ ሕክምና በሰላም አልቋል። በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ትሄዳለች፤ ነርሶቹን ድሮ እንደምታስተምራቸው ልጆች «ቀጥ ብለሽ ቁሚ!» እያለች ቁም ስቅላቸውን ታሳያቸዋለች። ስላንተም ጠይቃኛለች። ደኅና ነው ብያታለሁ።

ለምን ስልክ እንደማላነሳ ጠይቀሃል። ስልክ ላይ አንተ ታለቅሳለህ፣ እኔ እረታለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ይህ ጉዳይ በጽሑፍ ይሁን። የተጻፈ ነገር «አላልኩም» አይባልበትም።

ከሆስፒታል በተመለስኩ ማግስት ሥራ ገባሁ። የማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ማኅተሙ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሥራ አስኪያጃችንን እንዲህ እንደምንለው ታውቃለህ፤ ሻይ እንኳ ቢያዝ ማኅተም ሳያርፍበት አይጠጣም። ወረቀት ሰጠኝ። ከሥራ ታግጃለሁ። ምክንያቱ «የማይተካ የጥንዚዛ ዘር በቸልተኝነት እንዲሞት ማድረግ» ይላል። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል።

የሚቀጥለውን ሁሉ ታውቀዋለህ። ይህ ደብዳቤ ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው ፊት ሊነበብ ስለሚችል ከሥሩ እጽፈዋለሁ። እኛ መሥሪያ ቤት ባለነጥብ ጥንዚዛ እናረባለን፤ ለአትክልት አምራቾች እንሸጣለን፤ ጥንዚዛው ግሪንሃውስ ገብቶ ተክሉን የሚመጥጠውን ክሽክሽ ይበላላቸዋል። ገዢ እስኪመጣ ድረስ በብርድ እናስተኛዋለን። ሌላው ዘር ቢተኛ ቢተኛ ግማሽ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይነሣም። እማዬ መምህርት ሳለች ከትምህርት ቤቷ አጥር ሥር ለቅማ የጀመረችው ዘር ግን ሁለት ዓመት ተኝቶ ይነሣና ትናንት የተፈለፈለ ይመስል ይበላል፣ ይዋለዳል። ያ ዘር የነበረው በሦስት ሳጥን ነው። ሌላ የለንም።

እማዬ ወደቀች ተብሎ የተደወለልኝ ዕለት የማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር አቃስቶ ቆመ። እስኪነሣ ድረስ የኋላው መደርደሪያ ሃያ ዲግሪ ደረሰ። ሦስቱ ሳጥኖች እዚያ ላይ ነበሩ። አውጥቼ መተላለፊያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ምን እንደሆኑና ምን እንዳይደረግ ጻፍኩልህ። አውቶቡሱ ሊነሣ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ወደ እማዬ መሄድ ነበረብን፤ አንተ ደግሞ ደም ስታይ ራስህን ትስታለህ። ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥተህ ስለነበር አንተ እኔን ተክተህ እንድትቆይ ተስማማን። ማኅተሙም «ዶክተሩ ከሆኑ ምን ችግር አለ» ብሎ ደስ አለው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የነፍሳትን እንቅልፍ ያጠናኸው አንተ ነህ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስትገባ ምን አገኘህ? ምንስ አደረግህ?

እህትህ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እማዬ በእግሯ መሄድ በመጀመሯ ደስ ብሎኛል። ምርኩዙን እንዳትለምደው ንገሪያት።

«ምን አገኘህ?» ትይኛለሽ። ያገኘሁት አንቺ የጻፍሽውን ነው። ያደረግሁትም አንቺ የጻፍሽውን ነው። ሌላ ምን ልበልሽ?

ሦስቱንም ሳጥን ከፍቼ አየሁ። እግራቸውን ሰብስበው ተከምረዋል። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ያለ ክምር ሲቆይ ሻጋታ እንደሚያመጣ፣ ሻጋታውም ወደ ጤነኞቹ እንደሚሄድ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ስለዚህ ማኅተሙ ሳያያቸው ወደ ማቃጠያው ወሰድኳቸው። ለማን ብዬ? ላንቺ ብዬ። አንቺ እማዬ ጋ ሆነሽ እሱ ክምሩ ፊት ቆሞ እንዳይጮህ ብዬ። ኋላ ሳጥኖቹ የት ሄዱ ብሎ ሲያፋጥጠኝ ግን መዋሸት አልቻልኩም። «ሞተው ነው ያገኘኋቸው» አልኩት። እውነት ነዋ!

እትዬ፣ ኮምፕረሰር ያልቆመበት ቤት የለም። ማንም ላይ ይደርሳል። ለኮሚቴው አጭር ይቅርታ ጻፊ፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ኩራትሽን ለአንድ ቀን መሳቢያ ውስጥ አስገቢው። ሰዎች ናቸው፤ ይገባቸዋል።

ይልቅ እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። እንደሞቱ ካወቅሽ ለምን ፊት ለፊት አልነገርሽኝም? በፕላስተር ላይ ጽፎ መሄድ ምን ማለት ነው?

የምትወጂው ወንድምሽ


ጥር 1 ቀን

ለተከበሩ ዶክተር፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደብዳቤዎ ደርሶኝ አንብቤዋለሁ። ይቅርታ እንድጠይቅ መክረውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ኩራቴን መሳቢያ ውስጥ እንዳላስገባ መሳቢያዬም ተቆልፎብኛል።

ሞተው ነበር ይላሉ። እኔ ትቻቸው ስሄድ ነቅተው ነበር። ነቅተው ሲያበቁ ቀዝቀዝ ባለ መተላለፊያ ውስጥ በጨለማ ሳጥን ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ጥንዚዛ አይሮጥም፤ ክዳን ሲነሣበት እግሩን ሰብስቦ ይጋደማል። የሞተ መስሎ ጠላቱን ያታልላል። ይህን ነፍሳት የሚማር ሁሉ በመጀመሪያው ወር ይማረዋል። ለካ ጠላቱን ብቻ አይደለም የሚያታልለው፤ ዶክተርም ያታልላል።

አንዱን መዳፍዎ ላይ አድርገው ተንፍሰውበታል? ጥቂት ትንፋሽ ነበር የሚፈልገው። ጓንትዎንስ አላዩትም? ዘበኛው አይቶታል። «ዶክተሩ ቀለም ሲቀቡ ነበር እንዴ? ጓንታቸው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሲታጠቡ ነበር» አለኝ። ያ ቢጫ ቀለም አይደለም። ጥንዚዛው ሲጨነቅ ከጉልበቱ የሚያወጣው ደሙ ነው። የሞተ አይጨነቅም፣ ዶክተር። እሳት ውስጥ ሲጨምሯቸው ይለምኑዎት ነበር።

ዘበኛው ሌላም ነግሮኛል። «የሚሄዱ ዕለት ትንሽ ፔርሙስ አቅፈው ወጡ። ሻይ ልጨምርልዎ ብላቸው፣ አትንካ ብለው ጮኹብኝ። እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል። ፔርሙሱ ውስጥ ምን ነበር?

የጻፍኩትን እንዳደረጉ ደጋግመው ይነግሩኛል። እኔ አቃጥሉ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ምን አነበቡ?

የቀድሞ እህትዎ


ጥር 14 ቀን

ለእትዬ፣

«እርስዎ» የሚለውን ሳይ የጎረቤት ደብዳቤ በስህተት የመጣ መሰለኝ። ፖስታውን ገልብጬ አድራሻዬን አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ ሰድበሽኝ አታውቂም። ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፔርሙሱን በተመለከተ፤ ከማቃጠሌ በፊት አንድ እፍኝ ወስጃለሁ። የሞቱ ናቸው ብዬ ነው። ተኝተው የሚኖሩበትን ስብ እንዴት እንደጨረሱ ልለካ ፈልጌ ነበር፤ ለጥናቴ ያስፈልገኛል። የሞተ ጥንዚዛ በመውሰዴ ሌባ ከሆንኩ ልሁን። ቢጫው ሻጋታ መስሎኝ ነበር።

ስለ ጽሑፍሽ ደግሞ እንዳትክጂኝ ማስረጃ አለኝ። ከአንደኛው ሳጥን ላይ ፕላስተሩን ስልጥ ፔርሙሱ ክዳን ላይ ለጥፌው ነበር። ፎቶ አንሥቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የእጅ ጽሑፍሽን የማያውቅ ሰው እንኳ ያነበዋል። «ሞተዋል፣ አትመልሱ።» ሞተዋል ብለሽ ጽፈሽ አሁን በሕይወት ነበሩ ትይኛለሽ። የቱን ልመን? አንቺን ወይስ አንቺን?

ይህን ማድረግ አልፈለግሁም ነበር። ግን ማኅተሙ እኔንም እየጠየቀኝ ነው፤ የምሠራበት ቤት ድረስ ጽፏል። ስለዚህ ለኮሚቴው አንድ ቅጂ ልኬአለሁ። አንቺን ለመጉዳት አይደለም። ራሴን ለመከላከል ነው።

ወንድምሽ


ጥር 27 ቀን

ጩጬ፣

ፎቶውን አይቼዋለሁ። ለኮሚቴው መላክህንም ሰምቻለሁ። ማኅተሙ አጉልቶ አሳትሞ ማኅተም መትቶበታል።

የሚለው «ሞቀዋል» ነው።

ቀ ናት፣ ተ አይደለችም። ፕላስተሩ ከብርድ ስለወጣ ላብ ነበረው፣ ማርከሩ ወፍራም ነበር፣ የቀ ቀለበት በቀለም ተሞልታለች። አጉሊ መነጽር አለህ አይደል? የጥንዚዛ ጉልበት የምታይበትን ለእህትህ ፊደል አውለው። ሞቀዋል፣ አትመልሱ። ሞቀው ነቅተዋል፤ ወደ ብርዱ አትመልሷቸው። ስባቸውን ማቃጠል ጀምረዋል፤ ከእንግዲህ የሚያድናቸው ምግብ ነው፣ ብርድ አይደለም። ይህን ላንተ በሁለት ቃል መጻፍ ይበቃል ብዬ ነበር። ሌላ ሰው የሚተካኝ ቢሆን ግማሽ ገጽ እጽፍ ነበር።

ኮሚቴው መጋቢት 6 ይሰበሰባል። ጥፋተኛ ካሉኝ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል፤ እኔም ይህን ሥራ የትም ቤት ዳግመኛ አልሠራም። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ጻፍላቸው። አንደኛ፣ ፕላስተሩ ላይ የሚነበበውን። ሁለተኛ፣ የለካኸውን። በእንቅልፋቸው አልቀው የሞቱ ቢሆኑ ኖሮ ስባቸው ተሟጦ ባዶ ቅርፊት ነበር የምታገኘው። በሕይወት ከወሰድካቸው ግን ስቡ አለ። ስቡ ስንት ነው?

ለእኔ ማዘን የለብህም። ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ።

እህትህ


የካቲት 5 ቀን

ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እማዬስ? እዚህ በረዶው ሳምንቱን ሙሉ አላቆመም። መስኮቴ ሥር ያለው ብስክሌት እጀታው ብቻ ይታያል። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አሁን ትቶኛል። የእማዬን እግር በተመለከተ አንድ የማውቀው ሐኪም ጠይቄ ነበር፤ ደረጃ ቀስ ብላ መለማመድ ትችላለች ይላል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ወደ ዋናው ነገር ለመግባት ፈርቼ እንደሆነ ሳይገባሽ አይቀርም።

በአጉሊ መነጽር አየሁት። ቀ ልትሆን ትችላለች። ትችላለች ነው የምለው። ግን እስቲ ፍረጂ፤ ሞትና ሕይወት በአንዲት ቀለበት የሚለዩበትን ቃል በወፍራም ማርከር፣ ላብ ባለው ፕላስተር ላይ፣ አውቶቡስ እየጠበቀው የሚጽፍ ማን ነው? «ነቅተዋል» ብትይ ምን ነበረበት? ማንበብ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ያነበብኩት ያስተማርሽኝን ነው።

ስለ ስቡ የጠየቅሽኝ እንደሚመስልሽ ቀላል አይደለም። የተኛ ጥንዚዛ እሳቱ አይጠፋም፤ ይዳፈናል። ልቡ ይመታል፣ ይተነፍሳል፣ ግን ነቅቶ በአንድ ቀን የሚያቃጥለውን ተኝቶ በወራት አያቃጥለውም። የእማዬ ዘር ከሌላው የሚለየው እሳቱን ይበልጥ አጥብቆ በማዳፈኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕድሜ የሚሉት ነገር እኮ በቀን የሚቆጠር ላይሆን ይችላል፤ ያቃጠልነው ነው ዕድሜያችን። ይህን ለማሳየት ነው ስድስት ዓመት የደከምኩት። እንግዲህ የአንድ እፍኝ ጥንዚዛ ስብ ብዙ ነገር ሊያሳይ ይችላል፣ ላያሳይም ይችላል። መጀመሪያ ምን ያህል እንደነበራቸው በትክክል አናውቅም። መለኪያ መሣሪያውም ለጥገና ሄዷል። ቁጥሩን ሲረጋገጥ እንጂ አሁን ብሰጥሽ ሁለታችንንም ያሳፍራል።

ሌላ ሐሳብ አለኝ። እዚህ እኔ መሥሪያ ቤት ማቀዝቀዣ ክፍሉ ኃላፊ ይፈልጋል። ስላንቺ ተናግሬአለሁ። ማኅተሙን ከነማኅተሙ ትተሽው ነይ። እማዬንም እናመጣታለን።

ወንድምሽ

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንዲት ባልደረባዬ ጥንዚዛዎቿ ከነቁ በኋላ በስህተት ብርድ ውስጥ መልሳቸው ነበር። ሰሞኑን ስታወጣቸው ግማሾቹ አልተነሡም። የተነሡት ደግሞ ክሽክሽ ብትሰጣቸው አይነኩም፤ እርጥብ ጥጥ ብቻ ይልሳሉ፤ አንዳንዶቹ በጀርባቸው ወድቀው መገልበጥ ያቅታቸዋል። ምን ታድርግላቸው?


የካቲት 15 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ጩጬ፣

ባልደረባ የለህም።

ሦስት ገጽ ሞልተህ በረዶና ብስክሌት ጻፍክልኝ፤ እውነቱን ከፊርማህ በታች አስቀመጥከው። ባልደረባህ ስለ ሌላ ጥንዚዛ ብትጠይቅህ ራስህ ትመልስላት ነበር፤ ዶክተር ነህ። አንተ የማታውቀው፣ እኔን ካልጠየቅህ የማትደፍረው አንድ ዘር ብቻ ነው። የእማዬ ዘር በሕይወት አለ። አንተ ጋ አለ። ፔርሙሱ ውስጥ ነው የሄደው።

መልሰህም ብርድ ውስጥ ከተትካቸው። አትመልሱ ብዬ ጽፌልህ! ቀዋ ጠፋችብህ እንበል፤ «አትመልሱ» የሚለው ቃል የትኛው ፊደሉ ጠፋብህ?

መቼ እንደነቁ አልጠይቅህም። ጥር 14 የሞተዋልን ፎቶ ለኮሚቴው ስትልክ ነቅተው አይተሃቸው ነበር። ይህ ይበቃኛል። በአንድ እጅህ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ ስትከት በሌላው እጅህ ሕያው ጥንዚዛ ይዘሃል። ስብ መለኪያው ጥገና ሄደ አልከኝ። የተበላሸው መሣሪያው አይደለም።

እኔ ደግሞ እዚህ ምን እየሆንኩ እንደሆነ ልንገርህ፤ ጠይቀኸኝ አታውቅም። በየሳምንቱ ሰኞ ፈርሜ እንድሄድ ታዝዣለሁ። ዘበኛው ሊፈትሸኝ ያፍራል፤ ቦርሳዬን ከፍቼ እኔው አሳየዋለሁ። ካፍቴሪያ ስገባ ጠረጴዛው ወሬ ይቀይራል። አብራኝ አሥር ዓመት የሠራች ሴት «ያው ሰው ነሽ፣ ይደክምሻል» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ነው። ማኅተሙ ከነጋዴ ሌላ ዘር አዝዟል፤ የእማዬ ዘር ስም የተጻፈበትን መደርደሪያ በሳሙና አሳጥቦታል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ «ይቅርታ ጠይቂ፣ ሁለት መስመር ይበቃል» ትለኛለህ። ሥራም አገኘህልኝ። ገደለች ተብላ የታገደች እህትህን አንተ ጋ መጥታ የሰረቅኸውን ዘር እንድትጠብቅልህ! ይህን ስታስብ አላፈርክም? ቁጭ ብለህ፣ ሻይህን ይዘህ፣ አሰብከው?

አሁን ስማ። ክሽክሹን አንሣላቸው፤ አቅም የላቸውም። ሁለተኛው እንቅልፍ የጨረሰው እሱን ነው፤ ሲነቁ ማቀጣጠያ የሚሆናቸው ስብ አልቀረም። አንድ እጅ ማር በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጥ። በጥጥ ይሁን፤ በሳህን ካደረግኸው ይሰምጣሉ። በጀርባው የወደቀውን በለስላሳ ብሩሽ ገልብጠህ አፉን ጥጡ ላይ አድርገው። ክፍሉ ሃያ ሁለት ዲግሪ ይሁን፤ ብርሃኑን አታሳጥርባቸው፤ ቀኑ ያጠረ ከመሰላቸው ሊተኙ ይሞክራሉ፣ ከተኙ አለቀላቸው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሚሮጥ ካየህ ክሽክሽ ስጠው፤ የሚያንቀላፋውን ተወው።

ይህን የምጽፈው ላንተ አይደለም። እነሱ ምንም አላጠፉም።

ኮሚቴው መጋቢት 6 ነው።


የካቲት 25 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ለእትዬ፣

ለኮሚቴው የጻፍኩትን እዚህ ገልብጬልሻለሁ። ዋናው ትናንት ሄዷል።

«ሳጥኖቹ ላይ የተጻፈው ‹ሞቀዋል፣ አትመልሱ› ነው። ‹ሞተዋል› ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጥንዚዛዎቹ ሳገኛቸው በሕይወት ነበሩ። በሕይወት እያሉ ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ይዤ ከሄድኩት እፍኝ ውስጥ ስባቸውን የለካሁባቸው፣ ሲተኙ ከሚኖራቸው ስብ ሦስት አራተኛው ነበራቸው፤ በእንቅልፍ ያለቀ ጥንዚዛ ይህን ያህል ሊኖረው አይችልም። ይህን ቁጥር ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የቀሩት በሕይወት አሉ።»

ባቡር ውስጥ ነው ያወቅሁት። ፔርሙሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ከውስጡ መቧጠጥ ሰማሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት የተረፉ መሰለኝ። ስከፍተው አፉ ድረስ ወጥተዋል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ውይ፣ ሻይዎ ውስጥ ነፍሳት ገባ!» ብለው ጮኹ። ሳቅሁ። ከዚያ ማቃጠያው ትዝ አለኝ።

ያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር። ብነግርሽ ግን ሦስት ሳጥን ሕይወት እሳት ውስጥ የጨመረው ማን እንደሆነ መናገር ነበር። አንድ ቀን ዝም አልኩ። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ከበደ። መልሼ ያስተኛኋቸው ለሳይንስ አይደለም፤ ተኝተው ከቆዩልኝ የማስብበት ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ነው። ፎቶውን ግን ለምን ላክሁ? ፈራሁ። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ማር ውኃውን በጥጥ ሰጠኋቸው። በአራተኛው ቀን አንዱ ክሽክሽ ያዘ። ሠላሳ አንድ ቀርተዋል።

እዚህ ላለው አለቃዬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ጥናቱ ይታገዳል ብሏል። ይሁን። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ተዋልደው ሲበዙ ግማሹ እዚህ ይቆይልኝ? በአንድ ቤት ብቻ መቀመጣቸው ምን እንዳደረገ አይተናል።

ጩጬ


መጋቢት 8 ቀን

ለወንድሜ፣

የስብሰባውን ልንገርህ። ማኅተሙ ደብዳቤህን ቆሞ አነበበው። «በሕይወት እያሉ ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰበር አለ። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ «ምሁር ማለት ይህ ነው! ስህተቱን በአደባባይ የሚያምን!» አለ። አጨበጨቡ። አልዋሽህም፣ አጨበጨቡልህ። አጠገቤ የተቀመጠችው የኮሚቴ አባል ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እንዲህ ያለ ወንድም ስላለሽ ፈጣሪሽን አመስግኚ» አለችኝ።

እኔ በታኅሣሥ የሰጠኋቸው ሁለት ገጽ እዚያው ፋይል ውስጥ ነበር። ነቅተው ነበር ይላል። በሕይወት ነበሩ ይላል። ስባቸው ይለካ ይላል። ማንም አላነበበውም። ሦስት ወር ሙሉ የጮኽኩትን አንተ አንድ አንቀጽ ስትጽፍ በአንድ ጊዜ እውነት ሆነ። ባንተ የተናደድኩት አንሶ አሁን የምናደድበት ሰው በዛብኝ።

ማኅተሙ ፈገግ ብሎ ቁልፉን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

«መጀመሪያ የእኔ ይነበብ» አልኩ።

«ምን ያደርጋል? ወንድምሽ ብለውታል እኮ።»

«እኔ ቀድሜ ብዬዋለሁ።»

«እህቴ፣ አሁን እኮ ነፃ ነሽ! ምን ቀረሽ?»

«ይነበብ።»

ሰዓቱን አየ፣ ሰዎቹን አየ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። በመጨረሻ ያቺ «አመስግኚ» ያለችኝ ሴት ፋይሉን ስባ ራሷ አነበበችው። ሁለቱንም ገጽ። ስትጨርስ ያጨበጨበ የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ካንተ ቃል በላይ እንዲገባ አደረግሁ፤ ቀኑም ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ያዝኩ። ትናንት ገብቼ መደርደሪያውን አየሁት። የሳሙና ሽታ አለው፤ ባዶ ነው።

ግማሹ ይቆይልኝ ላልከው፣ አይቆይልህም። ሠላሳ አንዱም ይመጣሉ። ሁለት ቤት መቀመጣቸው ትክክል ነው፤ ሁለተኛውን ቤት ግን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ያውም ተራብተው ሳጥን ሲሞሉ። በፖስታ እንዳትልካቸው። ተኝተው እንዳይጓዙ። ነቅተው፣ ጥጣቸው ረጥቦ፣ በሰው እጅ ይመጣሉ። ያ ሰው አንተ ነህ። ጥናትህ ታግዷል ብለሃል፤ እንግዲህ ጊዜ አለህ።

የእማዬን ጉዳይ እስካሁን አልጻፍኩልህም። ቤቷ ገብታለች። በሄድኩ ቁጥር ከእግሯ በፊት የምታነሣው ስለ ጥንዚዛዎቿ ነው። «እንዴት ናቸው?» ትለኛለች። «ተኝተዋል» እላታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ተኝተዋል አልኳት። ባለፈው እሑድ ግን፣ «አንቺ ልጅ፣ ውሸት ስትናገሪ ጆሮሽ ይቀላል፤ ማን ነው የሞተው?» አለችኝ። ማንም አልሞተም ብያት ወጣሁ። ከእንግዲህ አልዋሻትም፣ እውነቱንም አልነግራትም። የምትነግራት አንተ ነህ፤ ከማቃጠያው ጀምረህ፣ ፎቶውን ሳትዘልል፣ እጇ የሚደርስበት ቦታ ተቀምጠህ። እኔ ኩሽና እሆናለሁ። ስትጮህብህ አልገባም።

ይቅርታ እንዳደረግሁልህ እንዳታስብ። እስካሁን የጻፍኩልህ ማስታወቂያ ነው፤ ቁጣዬ እዚህ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። የምትመጣበትን ቀን ለዘበኛው ደውለህ ንገረው። ለእኔ አትጻፍልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንተን ፖስታ አልከፍትም። በር ካንኳኳህ ግን እከፍታለሁ።

እህትህ